የሲንጋፖር የወንዝ ዳር መጋዘኖች ምግብ ቤትና ጭፈራ ቤት ሆነዋል፤ የእኛ ዓባይ ዳርስ?

መርከበኛው (ሽምብጥ)

ያገር ልጆች እንዴት ናችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አሁን ውሎዬ መርከብ ላይ፣ ማሽን ክፍል ነው። ሲንጋፖር ስንቆም፣ ለመውረድ ፈቃድ ከተገኘ፣ የምሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ወንዙ ዳር። ቦት ኪ እና ክላርክ ኪ ይሏቸዋል። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ዓባይ ዳርና ስለ ጣና ዳር ልማት ሲወራ ስለማይ፣ ያየሁትን ልጻፍና ተከራከሩበት።

የሲንጋፖር ወንዝ ትንሽ ነው። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከተማዋ ግን የበቀለችው እሱ ላይ ነው። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1819 መጥተው የረገጡት የወንዙን አፍ ነው። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ መርከቦች ባሕሩ ላይ ይቆማሉ፣ ትንንሽ የጭነት ጀልባዎች ዕቃውን እያመላለሱ ወንዙ ዳር ለተደረደሩት መጋዘኖች ያስረክባሉ፣ ከጀልባው እስከ መጋዘኑ ያለችውን መንገድ ደግሞ ኩሊው በትከሻው ነው የሚጨርሳት። በ1860ዎቹ ከከተማው የመርከብ ንግድ ሦስት አራተኛው በቦት ኪ ነበር የሚያልፈው። ጀልባዎቹ አፍንጫቸው ላይ ዓይን ይሣልባቸው ነበር፣ መንገዱን እንዲያዩ። ክላርክ ኪ ትንሽ ወደ ላይ ገባ ይላል። ስሙን ያገኘው በ1870ዎቹ አገረ ገዥ ከነበረው ከአንድሩ ክላርክ ነው።

አሁን መጋዘኖቹ አልፈረሱም። ግድግዳው፣ ክዳኑ፣ የእንጨት መስኮቱ እንዳለ ነው። ውስጡ ግን ምግብ ቤት፣ ባር፣ ጭፈራ ቤት። ክላርክ ኪ መንገዱን ራሱ በትልልቅ የጃንጥላ ቅርጽ ባላቸው ጣሪያዎች ሸፍነውታል። ዝናቡ ሲወርድ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ጠረጴዛው እስከ ውኃው ጠርዝ ይደርሳል። ሸርጣን በቃሪያ ስልስ ይመጣልሃል፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ እስከ ክርንህ ትቀባለህ። የድሮዎቹን የሚመስሉ ጀልባዎች ቱሪስት ጭነው በመብራቱ መሃል ይመላለሳሉ።

እኛ ሐይቁም ወንዙም አለን። ከጣና መውጫ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ያለውን ዳር እንዲህ ማድረግ ያቃተን ለምንድን ነው?

ፋሲሎ

አቦ ይመችህ! የልቤን ነው የተናገርከው።

ባህር ዳር እየኖርክ ጣናን ለማየት ማኪያቶ መግዛት አለብህ። ሐይቁ የሕዝብ ነው ይባላል። ዳሩ ግን አጥር ነው፣ ከአጥሩ ቀጥሎ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ቀጥሎ ሌላ አጥር። የኮሪደር ልማቱ የእግር መንገዱን ትንሽ ፈታ አድርጎልናል፣ አልክድም። ማታ ማታ ልጅ ይዞ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ወደ ወንዙ ጠጋ ስትል ግን ጭር ያለ ነው። በአንድ በኩል ዓሣ ቤት፣ በሌላው በኩል አዝማሪ ቤት፣ መሃሉ ለእግረኛ ብቻ የሆነ አንድ መንገድ ቢኖረን ስንቱ ወጣት እንጀራ ያገኝበት ነበር። ዲግሪ ይዞ ሻይ ቤት በር ላይ የቆመው ልጅ ሁሉ።

የማርቆስ ልጅ

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ዓባይ አፍ ላይ ተወልዶ የ3 ኪሎ ሜትር ቦይ የሚያመሰግን ግን ገና ዛሬ አየሁ 😂

እኛ ማርቆስ ሐይቅም የለን ወንዝ ዳርም የለን፣ ስለዚህ ያለ ቅናት ልጠይቅ። ሸርጣኑ ስንት ነው? የመርከብ ደመወዝ ያለው ብቻ ነው የሚቀመጠው ወይስ የሰፈሩም ሰው?

መርከበኛው (ሽምብጥ)

@የማርቆስ ልጅ ዋናውን ነገር ጠየቅከኝ። ውድ ነው። ክላርክ ኪ ቢራ ለማዘዝ እኔም ሁለቴ አስባለሁ። ወንዙ ዳር የሚቀመጠው ቱሪስቱ፣ ከባንክ ቤቱ የወጣው፣ እንግዳ የመጣበት ነው።

ተራው ሰው ራቱን የሚበላው በየሰፈሩ ባለ የምግብ አዳራሽ ነው። ሀውከር ሴንተር ነው የሚሉት። ጣሪያ ብቻ ያለው ሰፊ ቦታ አስቡ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ወጥ ቤቶች፣ እያንዳንዱ አንድ ሁለት ዓይነት ምግብ ብቻ ይሠራል፣ መሃሉ ላይ የጋራ ጠረጴዛ። ሐኪሙም ሹፌሩም እዚያው ነው። ዩኔስኮ በ2020 ይህን የምግብ ባህላቸውን ቅርስ ብሎ መዝግቦላቸዋል። እኔም ሆዴን የምሞላው እዚያ ነው፣ ወንዙ ዳር የምሄደው ለማየት ነው።

ወጣቱ ደግሞ ብልሃት ነበረው። ከሱቅ ቢራ ይገዛና ክላርክ ኪ አጠገብ ያለው ሪድ ድልድይ ላይ ቁጭ ይላል። ያንኑ መብራት ያያል፣ ያንኑ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሒሳብ አምጣ የሚለው የለም። በ2015 (በፈረንጅ) ሕግ ወጣና ከምሽቱ 4፡30 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አደባባይ ላይ መጠጣት ተከለከለ፣ ሱቁም በዚያ ሰዓት መጠጥ አይሸጥም።

ፋሲሎ

እኛ ጋ እኮ ያ ሕግ ሳይወጣም ዘበኛው ያባርርሃል።

ውኃ ልክ

ሙያዬ ውኃ ስለሆነ ትንሽ ላሰለቻችሁ።

መርከበኛው፣ ከመጨረሻው ነው የጀመርክልን። ከባሩ በፊት የነበረውን አልነገርከንም። ያ ወንዝ በ1970ዎቹ የሚሸት ጥቁር ውኃ ነበር። የጀልባ ዘይት፣ የገበያ ጥራጊ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከላይ ደግሞ የአሳማና የዳክዬ እርባታ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኳን ዩ በ1977 አሥር ዓመት ሰጥቻችኋለሁ፣ አጽዱት አለ። እርባታዎቹ ተነሡ። የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮቹ ውኃና ፍሳሽ መውረጃ ወዳላቸው አዳራሾች ገቡ (አሁን መርከበኛው የሚበላበት ዓይነት ማለት ነው)። ፍሳሽ መስመር በሌለው ቤት የሚኖሩት ቤተሰቦች ወደ መንግሥት አፓርታማ ተዛወሩ። የጭነት ጀልባዎቹ በ1983 ፓሲር ፓንጃንግ ወደሚባል ሌላ ወደብ ሄዱ። ከወንዙ ወለል ጭቃው ተዛቀ። ሥራው ያለቀው 1987 ነው።

ቦት ኪ በቅርስነት የተከለለው 1989 ነው። ክላርክ ኪ የመዝናኛ መንደር ሆኖ የተከፈተው በ1993። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ። ኋላ ደግሞ በ2008 ወንዙ የሚገባበትን ወሽመጥ ከባሕሩ በግድብ ለይተው ጨው አልባ የውኃ ማጠራቀሚያ አደረጉት። ስለዚህ ያ ሰው ቢራውን ይዞ የሚያየው ውኃ ተጣርቶ ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ነው። የቢራውን ቆርቆሮ ወደ ውኃው ቢወረውር ቅጣት የሚጠብቀው ለውበት ብቻ አይደለም።

ወደኛ እንምጣ። ባህር ዳር ከተማውን በሙሉ የሚያገለግል የፍሳሽ መስመር የላትም። ቤቱም ሆቴሉም በአብዛኛው ጉድጓድ ነው። ክረምት ሲመጣ የጎርፍ ቦዩ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሐይቁና ወንዙ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፣ ከዚያ እንዴት እንደተንሰራፋ ሁላችሁም አይታችኋል፣ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ ምግቡ ነው። አርባ ምግብ ቤት ወንዙ ዳር ስትደረድር አርባ ወጥ ቤትና አርባ ሽንት ቤት ነው የደረደርከው።

ሌላው የውኃው ከፍታ ነው። ጣና መስከረም አካባቢ ይሞላል፣ ሰኔ ላይ ይወርዳል። ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መውጫው ጨራ ጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ወንዙ በበጋም እንዲፈስ አድርጓል፣ ዳሩ ግን አሁንም ይሸሻል ይመጣል። በ2003 (ይኼም በፈረንጅ ነው) ሐይቁ በጣም ወርዶ የትልልቆቹ ጀልባዎች ጉዞ ለወራት ቆሞ ነበር። ሚያዝያ ላይ የለካኸውን ዳር ተማምነህ ወንበር ብትተክል፣ መስከረም ላይ ዓሣው ራሱ መጥቶ ይቀመጥበታል።

የማርቆስ ልጅ

ዓሣው ከመጣ ምን ችግር አለ፣ ዘይቱን ማጋል ነው።

ቆሮሶ ጥብስ

ዘይቱን የማግለው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔም ልናገር። እናንተ ስለ ወንበሩ ታወራላችሁ፣ እኔ ከወጥ ቤቱ በኩል ልንገራችሁ።

ሙሉ ቆሮሶ ሲመጣልኝ ቅርፊቱን ፍቄ፣ ሆዱን ከፍቼ፣ ግራና ቀኙን በቢላ ሰያፍ ሰያፍ እበጣዋለሁ። ብጡ ውስጥ ጨውና ሎሚ። ዱቄት ነካ አድርጌ የጋለ ዘይት ላይ ነው። ብጡ ሲከፈት፣ ጅራቱ ወደ ላይ ሲቆለመም ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ አዋዜ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ዳቦ። ደንበኛው የሚያየው ይኼን ነው። ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል።

የማያየውን ልንገራችሁ። ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው በባልዲ ይጠራቀማል፣ እስከ ማታ ይሸታል፣ ከዚያ የት ይደፋ? ልጆቹ ወስደው ለወፎቹ ይወረውሩታል፣ ቱሪስት ሲኖር ፔሊካኖቹ መጥተው ሲናጠቁ ይታያል፣ ደስ ይላል። የቀረውስ? ያረጀው ዘይትስ? ውኃ ልክ ያልከው እውነት ነው፣ የት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ።

ዓሣውም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ሁለት ቆሮሶ አንድ ቤተሰብ ያጠግብ ነበር። አሁን አንዳንዱ መዳፍ የሚያክል ነው፣ መረቡ ጠቦ ጠቦ ሕፃኑን ሁሉ ነው የሚያወጣው። ነጭ ዓሣውም በክረምት ሊራባ ወደ ርብና ጉማራ ወንዝ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ ጥለው ይጠብቁታል። አምባዛ ይሻላል፣ እሱም ሁሉም አይወደውም። እና አርባ ዓሣ ቤት ትከፍታላችሁ እሺ፣ አርባውን ቤት የሚሞላው ዓሣ ከየት ይመጣል? ጾም ሲገባ አሁን ያለነው እንኳን እየተሻማን ነው የምንገዛው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለቄሶቹ ትቼዋለሁ።

ደግሞ የኪራዩ ነገር። መንገዱ ሲያምር አከራዩ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። የታይልስ ወለልና የመብራት ጌጥ ያለበት መንገድ ላይ ለእኔ ዓይነቷ ቦታ የለም፣ ቢበዛ ተቀጥሬ እጠብሳለሁ።

ገዳም ሰፈር

በሁዳዴ አይበላም። ፍትሐ ነገሥቱን ጠይቁ።

ቆሮሶ ጥብስ

እኮ ለቄሶቹ ትቼዋለሁ አልኩ አይደል ወንድም ዓለም 😅 አንተ ካልበላህ ሌላው ይበላል።

ዓባይ ማዶ

የሌሊት መዝናኛ የምትሉት እኮ መጀመሪያ ሌሊት ሲኖር ነው። ከነሐሴ 2015 (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ ሌሊቱ ራሱ ከእጃችን ወጥቷል። አንዴ ሰዓት እላፊ፣ አንዴ ባጃጅ ቁም፣ አንዴ ኔት የለም። እኔ ማዶ ነኝ፣ ሥራዬ ከተማ ነው። ሲመሽ የማስበው የቱ ባር ይከፈታል ብዬ አይደለም፣ ድልድዩን በምን እሻገራለሁ ብዬ ነው። የአዝማሪ ቤት ልጆች የሚያድሩበት አጥተው ስንቶቹ ወደ አዲስ አበባ እንደሄዱ ጠይቁ። ሲንጋፖር በኮሮና ጊዜ ጭፈራ ቤቶቹን ሁለት ዓመት ዘግታ ነበር፣ ከመጋቢት 2020 እስከ ሚያዝያ 2022 በእነሱ አቆጣጠር። የእነሱ ቢያንስ መጨረሻ ነበረው።

ሌላ ነገር ልጨምር። ማታ ማታ ጉማሬው ሣር ሊግጥ ይወጣል። ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። የፋሲሎ ልጅ ዲጄ ስትቀጥር ለእሱም ዘፈን ምረጥለት።

ፋሲሎ

@ዓባይ ማዶ ሰላም እስኪመጣ ምንም አናስብ ማለት ነው ታዲያ? ሰላም ሲመጣ ባዶ እጃችንን ልንጠብቀው ነው? ሲንጋፖርም ጉማሬ ባይኖራት አዞ ነበራት 😄

ጡረተኛው

ልጆች፣ ውይይታችሁን እያነበብኩ ነበር። አንድ ነገር ግን ዘነጋችሁ መሰለኝ። ታሪካዊ መንገድ የእነሱ ብቻ ነው ብላችሁ ነው የምታወሩት። እኛም ጋ ወደብ ነበር፣ አሁንም አለ።

የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት መርከብ እሑድ ጠዋት ከባህር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካች ማግሥቱን ጎርጎራ ትደርስ ነበር። ያንን መርከብ የሚጠብቀው ሰው ወደቡ አጠገብ ያድራል። የዘጌ ቡና፣ የደልጊ እህል፣ ዶሮ፣ ቆዳ፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚገባው። ታንኳው ደግሞ ከዘጌ በኩል እስከ አፍንጫው እንጨት ተጭኖ ይመጣል። ሰውዬው እንጨቱን ገበያ ሸጦ ጨውና ላምባ ይዞ ይመለሳል። ከወደቡ እስከ ገበያው ያለው መንገድ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ነበር። የምግብና የመጠጥ ሰፈር ማለት እሱ አልነበረም እንዴ? ማንም ዲዛይን አላወጣለትም።

ከተማችንም ብትሆን ያለ ሐሳብ የተሠራች አይደለችም። በጃንሆይ ጊዜ ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ፕላን አውጥቶላታል። ዘንባባው፣ ሰፊው ጎዳና፣ ሐይቁን የሚያየው መንገድ ባህር ዳርን ባህር ዳር ያሰኛት እሱ ነው። በ2002 በፈረንጅ ዩኔስኮ ከሸለማቸው ከተሞች አንዷ ነበረች።

ድልድዩንም ላንሣ። የድሮው ድልድይ ላይ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነበር። ወታደር ይጠብቀዋል። ቱሪስቱ ካሜራ ሲያወጣ ፊሽካ ይነፋበታል። አሁን በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ላይ ሙሽራው ሁሉ ቬሎ እየጎተተ ፎቶ ይነሣል። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ። ይኼን አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ፋሲሎ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። የጠላ ቤቱን መንገድ ስም ብትነግሩንስ?

ጡረተኛው

አሁን ሕንፃ ነው። ተወው።

ደንገል

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። የነገደ ወይጦ ልጅ ነኝ፣ ጣና ዳር የምንኖር ሕዝብ ነን። አባቴ ታንኳ ይሠራል፣ አያቴም ይሠራ ነበር። ጋሼ ያነሡት እንጨት የሚጭነው ታንኳ በእኛ እጅ የታሠረ ነው።

ታንኳ ለመሥራት ደንገል ያስፈልጋል። ደንገል የሚበቅለው ረግረጉ ላይ ነው፣ ልክ እናንተ ወንበር እንትከል የምትሉበት ዳር። ታጭዶ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ በልጥ ይታሠራል። ጥሩ ታንኳ ቢበዛ ጥቂት ወር ነው የሚያገለግለው፣ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከዚያ ሌላ ይታሠራል። ስለዚህ ደንገሉ ሁልጊዜ ቅርብ መሆን አለበት። አሁን አባቴ ደንገል ፍለጋ ሩቅ ነው የሚቀዝፈው። ዳሩ ተሞልቶ ሆቴል ሆኗል፣ ወይ በቆሎ ተዘርቶበታል፣ ወይ ጫት።

ሆቴሎቹ ታንኳችንን ይወዱታል። አንዱ ሎቢው ውስጥ ሰቅሎታል፣ አንዱ አበባ ተክሎበታል። አባቴ ያንን ታንኳ አስረክቦ በዋናው በር እንዳይወጣ በጓሮ በኩል ሸኝተውታል። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። አብረውን በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ የሚጸየፉ ሰዎች ዛሬም እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እና ያ የመዝናኛ መንገድ ሲሠራ እኛ የት ነው የምንቀመጠው? ቱሪስት ሲመጣ ታንኳ እየቀዘፍን ለፎቶ እንወጣለን፣ ሲመሽ ደግሞ ሂዱ እንባላለን?

መርከበኛው ወንድሜ አንድ ነገር ንገረኝ። እነዚያ ዓይን የሚሥሉ ጀልበኞችና ኩሊዎቹ አሁን የት ናቸው?

መርከበኛው (ሽምብጥ)

@ደንገል ጥያቄህን መርከብ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ሙሉ ፈረቃ ሳስበው ዋልኩ።

የሉም። ጀልባዎቹ በ1983 ሲነሡ ከነሥራቸው ነው የሄዱት። አብዛኛው ጀልበኛ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነበር። ያኔ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ ኮንቴይነር ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር፣ ስለዚህ ባይነሡም እንኳ ያ ሥራ ብዙ አይቆይም ነበር። እኔ የምሠራበት ዓይነት መርከብ ነው እንጀራቸውን የቀማቸው።

ወንዙን ተከትለህ ስትሄድ ግን ታገኛቸዋለህ፣ በነሐስ። ኩሊው ጆንያ ሲጭን፣ ነጋዴው ሲደራደር፣ ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች ወደ ውኃው ሲዘሉ፣ በሰው ቁመት የተሠሩ ሐውልቶች ናቸው። ሰው ሁሉ አቅፏቸው ፎቶ ይነሣል፣ እኔም ተነሥቻለሁ፣ ከልጆቹ ጋር። ሰዎቹን አስነሥተው ሐውልታቸውን ተከሉ። ዛሬ ያ ወንዝ ውስጥ ልጅ ቢዘል ግን ጥበቃ ነው የሚመጣበት።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ምግብ ሻጮቹን ዝም ብለው አላባረሯቸውም። ቁጥር ያለው ቦታ፣ ቧንቧ፣ ዝቅ ያለ ኪራይ ሰጥተው አዳራሽ ውስጥ አስገቧቸው። ዛሬ ከተማው የሚኮራበት ያ ምግብ የመጣው ከእነሱ ነው። ወንዙ ዳር ካለው ባር ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ እሱ ነው።

ቆሮሶ ጥብስ

እሱን ስጡኝ። ቁጥር ያለው ቦታ፣ ቧንቧ፣ ዘይት የሚይዝ ጉድጓድ። ጃንጥላውን ጣሪያ ለራሳችሁ አድርጉት።

ውኃ ልክ

@ቆሮሶ ጥብስ እትዬ፣ ያልሽው ነገር ከባድ ምህንድስና አይደለም። ቅባት የሚይዝ ጉድጓድ በየወጥ ቤቱ ሥር ይገባል፣ በየሳምንቱ ይጠረጋል። ያረጀው ዘይት በበርሜል ይሰበሰባል፣ ሳሙና የሚሠራ ይወስደዋል። የዓሣ ሆድ ዕቃ ለዶሮ መኖ ይሆናል። ሃያ ወጥ ቤት አንድ ላይ ካለ ሃያውንም በአንድ መስመር ማስተናገድ ይቻላል። ሃያው ወንዙ ዳር ከተበተነ ግን ማንም ሄዶ አይቆጣጠረውም። ስለዚህ እኔ ከመረጥኩ አዳራሹ ከውኃው ራቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ይሁን። ዳሩ ደንገሉ ጋር ይቅር። ደንገሉ ጎርፉ ያመጣውን ደለልና ቆሻሻ ያጣራል፣ ዓሣውም የሚራባበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ እትዬ መጥበሻዋ ላይ የምታየው ቆሮሶ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ፋሲሎ

ከመንገድ ማዶ ከሆነማ ምኑን ወንዝ ዳር ሆነ? አዳራሽማ ገበያ ውስጥም አለ። እኔ እኮ የምለው ውኃውን እያየሁ ልብላ ነው፣ ይኼ ምን ያስከፋል? ሁሉንም ነገር ፍሳሽ ፍሳሽ አላችሁት።

ዓባይ ማዶ

አሮጌው ድልድይስ? መኪናው በአዲሱ ይሂድ፣ አሮጌው ለእግረኛ ቢሰጥ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ውኃውን ከላይ ታየዋለህ፣ ደንገል አይነካም፣ ጉማሬውም ደረጃ አይወጣም። ወጥ ቤቱ ከድልድዩ ጫፍ፣ እናንተ ባላችሁት አዳራሽ ውስጥ ይሁን። ምግቡን ገዝተህ ድልድዩ ላይ ትበላለህ። ለእኛም ለማዶዎቹ ይቀርበናል፣ ማታ መንገዱ ጭር ካላለ እግረ መንገዳችንን በእግር እንሻገራለን።

ውኃ ልክ

ድልድዩ የሚሸከመውን የሚያውቅ መሐንዲስ መጀመሪያ ያየው። ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ሐሳቡ ግን ከእስካሁኑ ሁሉ ይሻላል።

ፋሲሎ

እሺ ይኼን እቀበላለሁ። ግን ማሲንቆ ካልኖረ አልመጣም።

ደንገል

ታንኳ ማሠሪያ ቦታ ከድልድዩ ሥር ይሰጠን። ለፎቶ አይደለም። ዓሣውን በቀጥታ ለአዳራሹ እናስረክብ፣ ደላላ መሃል ሳይገባ። ሕፃን ዓሣ አንይዝም የሚል ደንብ እኛው እናውጣ፣ እኛው እንጠብቀው። እትዬ ትገዢናለሽ?

ቆሮሶ ጥብስ

በዱቤ ካልሆነ አዎ 😄 ኧረ እገዛለሁ። ከመዳፍ የሚያንስ ካመጣህ ግን እመልስልሃለሁ።

ገዳም ሰፈር

ድልድዩ አጠገብ እስከ ስንት ሰዓት ነው ሙዚቃው? ኪዳን የሚደርስበት ሰዓት አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሰው ያንኑ ድልድይ ነው የሚሻገረው።

ዓባይ ማዶ

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋ። እነ ሲንጋፖርም ከልክለው የለ።

ፋሲሎ

7 ሰዓት።

ገዳም ሰፈር

5።

የማርቆስ ልጅ

መንገዱ ገና አልተሠራም፣ እናንተ መዝጊያው ላይ ተጣላችሁ። መርከበኛው፣ በሚቀጥለው ስትቆም የባሩን ፎቶ ተወውና የአዳራሹን የጓሮ በር አንሥተህ ላክልን። ዘይቱ የት እንደሚሄድ እንይ።

መርከበኛው (ሽምብጥ)

አሁን ወደ ስዊዝ እያቀናን ነው። ሲንጋፖር ስንመለስ፣ ፈቃድ ካገኘሁ፣ የወጥ ቤቱን ጀርባ፣ የፍሳሹን ክዳን፣ የዘይቱን በርሜል አንሥቼ እለጥፋለሁ። ውኃ ልክ፣ ምን ምን እንዳይ እንደምትፈልግ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እኔ ከማሽን በቀር አላውቅም።

የማርቆስ ልጅ

ሸርጣኑንም አንድ አንሣ፣ ዋጋው እንዲታይ አድርገህ።